ቦርከና ከደሴ እስከ ጨፋ፦ ጅረቱንና ምንጩን ከብክለት መጠበቅ

ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ይነሳና ከተማዋን አቋርጦ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመኪና መንገድ ርቀታቸው 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ የተጣለ ነገር ኮምቦልቻ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ወንዙ ከዚያ በጨፋ ረግረግ አልፎ መጨረሻው አዋሽ ነው።

ደሴ ላይ ብክለቱ በአብዛኛው ከቤትና ከመንገድ ይመጣል። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት፤ ዝናብ ሲጥል ቦዩ ሁሉ ወደ ወንዙ ይገለብጣል። ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ያለቀ ጫማና የጫት ገራባ ያያል። የሚብሰው ግን ዓይን የማያየው ነው፦ ከሽንት ቤት የሚሾልከው ፍሳሽ፣ ከላቫጆ የሚወርደው ዘይትና ሳሙና። ክረምትን ጠብቀው ሽንት ቤታቸውን ጎርፍ ውስጥ የሚለቁም አሉ። ይሄ ነውር ነው። ታች ያለው ሰው ጎረቤት ነው፤ ልጆቹም በዚያው ውሃ ይታጠባሉ።

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ቆዳና ብረታ ብረት አላት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ወርቃና ለዮሌ የሚባሉት ትንንሽ ወንዞች በከተማዋ በኩል አልፈው ቦርከናን ይቀላቀላሉ። የፋብሪካ ፍሳሽ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የቢራው ስኳርና እርሾ የበዛበት ስለሆነ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። የጨርቃ ጨርቁ ቀለምና ኮስቲክ ሶዳ ይዞ ይመጣል። ክፉው የቆዳው ነው፤ ክሮሚየም የሚባል ከባድ ብረት አለበት። ክሮሚየም አይበሰብስም። ደለል ውስጥ ይተኛና ጎርፍ ሲመጣ ተነስቶ ወደታች ይቀጥላል። ተመራማሪዎችም በለዮሌ ውሃና ደለል ውስጥ አግኝተውታል። በበጋ ወንዙ ሲቀጥን ፍሳሹ ግን አይቀንስም። ከአፋር ጭምር የመጣ ከብት ጨፋ ላይ የሚሰማራው ደግሞ በዚሁ ወቅት ነው።

«እኛ የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ወንዙ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ያገባል። የኮምቦልቻ ሜዳ ወንዞች ያመጡት አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል ነው። ጉድጓዱ በተሳበ ቁጥር በዙሪያው ያለው ውሃ ወደዚያው ይሄዳል፤ ወንዙ ቅርብ ከሆነ የወንዙም ይከተላል።

ምንጭን መጠበቅ ከወንዝ ይቀላል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። ምንጩ የሚወጣበት ዓይን ተቆፍሮ ይጸዳና ጠጠር ይሞላበታል፤ ከላዩ በሸክላና በኮንክሪት ይዘጋል። ውሃው በቧንቧ ብቻ ይወጣል። ከበላዩ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ዙሪያው ይታጠርና ከብት አይገባበትም። የከብት ገንዳና የልብስ ማጠቢያ ከቧንቧው ዝቅ ብሎ ይሠራል። ሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ፣ የሚቻል ከሆነም ከምንጩ በታች መሆን አለበት። አጥሩ ፈርሶ ጠጋኝ ሲያጣ ግን የተለፋበት ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ከሲሚንቶው በፊት የውሃ ኮሚቴው ይቁም።

ማፍላትና ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ ጀርምን ይገድላሉ። ክሮሚየምን አይነኩትም፤ እንዲያውም ውሃው ፈልቶ ሲቀንስ በቀረው ውሃ ውስጥ የክሮሚየሙ ድርሻ ይጨምራል። ይሄኛው መያዝ ያለበት ከፋብሪካው በር ሳይወጣ ነው።

ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። ተቆጣጣሪ ሳይናገር ፋብሪካ ገብቶ ናሙና መውሰድ ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይሄ ነው፦ አቤት ለማለት ራስዎ መጎዳትዎን ማሳየት አይጠበቅብዎትም። ማንኛውም ሰው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላል። ውሳኔ በ30 ቀን ካልመጣ ወይም ካላረካው፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል።