በሁለት ደረጃ የባዮኢኩቫለንስ ጥናት የውሳኔ ደንቦች፦ ከሐረር አንጻር

በሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታልም ሆነ በከተማዋ ፋርማሲዎች ለሕሙማን ከሚሰጡት መድኃኒቶች ብዙዎቹ ጀነሪክ፣ ማለትም ቀድሞ የወጣ መድኃኒት ቅጂዎች ናቸው። አንድ ጀነሪክ በባዮኢኩቫለንስ (የአቻነት) ጥናት ከቀዳሚው መድኃኒት ጋር አቻ ነው የሚባለው፣ ሁለቱን በተለያዩ ዙሮች በሚወስዱ ጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ደም ውስጥ የተለካው የመድኃኒቱ ጠቅላላ መጠንና ከፍተኛ ክምችት ከቀዳሚው ጋር ተነጻጽሮ፣ የጥምርታው የ90 በመቶ መተማመኛ ክልል (እውነተኛው ጥምርታ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ከ80 እስከ 125 በመቶ ባለው ወሰን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲያርፍ ነው።

አስቸጋሪው ነገር የተሳታፊዎችን ቁጥር አስቀድሞ መወሰን ነው። እውነተኛው ጥምርታ 95 በመቶ ነው ተብሎ ሲታሰብና አቻነቱን የማሳየት 80 በመቶ ዕድል (የጥናቱ አቅም) ሲፈለግ፣ በአንድ ሰው ውስጥ የሚታየው ተለዋዋጭነት 20 በመቶ ከሆነ 20 ሰዎች ይበቃሉ፤ 30 በመቶ ከሆነ ግን 40 ያስፈልጋሉ። የሁለት ደረጃ ጥናት በጥቂት ሰዎች ጀምሮ፣ ከተገኘው ተለዋዋጭነት የቀረውን ቁጥር ያሰላል። ይሁን እንጂ መረጃውን ሁለት ጊዜ መመርመር አቻ ያልሆነን መድኃኒት የማሳለፍን ዕድል ከ5 በመቶ በላይ ያደርሰዋል፤ ይህ አደጋ በቀጥታ የሚያርፈው በታማሚው ላይ ነው።

ተመራማሪዋ ዳያን ፖትቪንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ካቀረቧቸው ዘዴዎች መካከል ዘዴ ቢ በሁለቱም ደረጃዎች በተለመደው 0.05 ፋንታ የ0.0294 የጉልህነት ደረጃን (በአንድ ምርመራ የሚፈቀደውን የስህተት ዕድል)፣ ማለትም የ94.12 በመቶ መተማመኛ ክልልን ይጠቀማል። ለምሳሌ በመጀመሪያው ደረጃ በ12 ሰዎች ላይ ጥምርታው 94፣ ተለዋዋጭነቱም 20 በመቶ ቢገኝ፣ የ90 በመቶው ክልል ከ81.2 እስከ 108.8 ስለሆነ ያልፋል፤ የ94.12 በመቶው ግን ከ79.1 እስከ 111.7 ስለሚሰፋ አያልፍም። በዚህ ጊዜ የጥናቱ አቅም ይሰላል፤ 80 በመቶ ከደረሰ ጥናቱ ሳይሳካ ያበቃል፣ ካልደረሰ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተሻግሮ የሁለቱም ደረጃዎች መረጃ በአንድነት ይተነተናል። ዘዴ ሲ አቅሙን አስቀድሞ ያያል፤ በቂ ከሆነ በ0.05 ወስኖ ያቆማል። ሆኖም በዘዴ ሲ አቻ ያልሆነን መድኃኒት የማሳለፍ ዕድሉ አንዳንዴ 5 በመቶን በጥቂቱ ስለሚያልፍ፣ ጥንቃቄ ለሚሻ ሰው ዘዴ ቢ የተሻለ ነው። የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ የ2010 (እ.ኤ.አ.) መመሪያም 94.12 በመቶውን ተቀብሎ፣ ዕቅዱ በፕሮቶኮሉ (በጥናቱ የአሠራር ሰነድ) አስቀድሞ እንዲጻፍ አዝዟል።

በሐረርና በድሬዳዋ አካባቢ በጎ ፈቃደኞችን ለሚመለምል ተመራማሪ ጫት ልዩ ትኩረት ይሻል። በየመን በጤነኛ ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት ጫት መቃም አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባበትን መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ተሳታፊው በአንዱ ዙር ቅሞ በሌላው ቢተው፣ ልዩነቱ የመድኃኒቶቹ መስሎ ይታያል፣ ተለዋዋጭነቱም ያለአግባብ ከፍ ብሎ ሁለተኛውን ደረጃ ያሰፋዋል። ስለዚህ የጫት ክልከላው ከጉልህነት ደረጃው ጋር፣ የመጀመሪያው ደም ከመቀዳቱ በፊት፣ በፕሮቶኮሉ ውስጥ መስፈር ይኖርበታል።