የወጣት ሰልጣኝ ወታደሮች እንቅልፍና የአእምሮ ጤና በጣና ዳርቻ

ወታደራዊ ስልጠና የሚገቡት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ ሰው በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት መተኛት አለበት፤ በዚህ ዕድሜ እንቅልፍ ራሱ አምሽቶ ነው የሚመጣው። ከምሽቱ 4 ሰዓት መብራት ሲጠፋ የሚገላበጠውን፣ ንጋት 11 ሰዓት ፊሽካ ሲነፋ የሚንገዳገደውን ልጅ ሰነፍ ማለት ስህተት ነው።

አስቀድሞ መለየት ያለበት ጉዳይ አለ፦ ልጁ የመኝታ ጊዜ አጥቶ ነው ወይስ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ብሎት? ሁለተኛው በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት እየተደጋገመ 3 ወር ከዘለቀ ሥር የሰደደ የእንቅልፍ እጦት ይባላል። የፒትስበርግ የእንቅልፍ ጥራት መጠይቅ ያለፈውን 1 ወር ይጠይቃል፤ ከ21 ነጥብ ከ5 በላይ ያመጣ እንቅልፉ ደካማ ነው። ካምፕ ውስጥ ግን ፕሮግራሙ ብቻውን ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ «ጊዜ ቢሰጥህ ትተኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የከፋው የእኩለ ሌሊት ዘብ ነው። ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት የሚቆም ልጅ 4፡20 ላይ እንቅልፍ ቢወስደው 6፡45 ይቀሰቀሳል። ተራውን አስረክቦ 9፡40 ገደማ ቢያሸልብ 11 ሰዓት ይነሳል። ድምሩ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፣ ያውም ለሁለት የተቆረጠ። ከ9 እስከ 11 የሚቆመው ጓዱ 8፡45 እስኪቀሰቀስ ድረስ 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሳይቋረጥ ይተኛል። መካከለኛው ተራ ለአንድ ሰው በተከታታይ መሰጠት የለበትም፤ የቆመውም በማግስቱ ቀትር ላይ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይተኛ። ከዚያ ከረዘመ ደንዝዞ ይነሳል። በቅጣት የሚደረብ የሌሊት ዘብ ደግሞ አደገኛ ነው፤ በማግስቱ ጠመንጃ ይዞ ለተኩስ ልምምድ የሚወጣው ያው ልጅ ነው።

ባህር ዳር አካባቢ የአየሩም ነገር አለ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ቀን የጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ማታም ሙቀቱን ስለማይለቅ መስኮት መከፈት አለበት፤ መስኮት ሲከፈት የሐይቁ ትንኝ ይገባል። አጎበር በተደራራቢ አልጋ ላይ ሲሰቀል የታችኛው ልጅ ክርን ወይም ጉልበት ከመረቡ ጋር ይነካካል፣ ትንኟም በዚያው በኩል ትነክሰዋለች። መረቡን በአራቱም ማዕዘን ወጥሮ ጫፉን ፍራሽ ሥር መወተፍ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሌሊት የሚያልበውን፣ ራሱን የሚያመውን ልጅ «ጭንቀት ነው» ከማለት በፊት የወባ ምርመራ ይደረግለት።

ቡናም ይታሰብበት። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣ ቡና 5 ሰዓት ገደማ ካለፈው በኋላም ግማሽ ካፌይኑ ደም ውስጥ ነው። ጫትም እንቅልፍ ይነሳል።

የእንቅልፍ ማነስ መጀመሪያ በንጭንጭ፣ በመርሳትና በግልፍተኝነት ይታያል። የቤተሰብ ናፍቆት ያለበት ልጅ ሲነቃ ያስባል፣ ሲያስብ አይተኛም፤ በዚህ መንገድ ድባቴ ሥር ይሰዳል። ምግብ የተወውን፣ ከጓዶቹ የተገለለውን፣ ሌሊት በቅዠት የሚጮኸውን የጓድ መሪው ለብቻው ጠርቶ ያናግረው እንጂ ሰልፍ ላይ አይጠይቀው። ስለ መሞት ካወራ ጠመንጃው ከእጁ ይነሳ፣ አንድ ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ፣ በዚያው ቀን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ዘንድ ይወሰድ።