የነርቭ ሴልን ከካልሲየም ጎርፍ መከላከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ግሉታሜት የአንጎል መርዝ ነው»

አይደለም። ግሉታሜት የአንጎል ዋነኛ አነቃቂ መልእክተኛ ነው፤ ያለ እሱ ትምህርትም ትዝታም የለም። ጉዳት የሚያደርሰው ከሴል ውጭ ተከማችቶ ሳይነሣ ሲቆይ ነው። በስትሮክ ጊዜ ደም ሲቋረጥ ሴሎቹ ኤቲፒ (የሴል የኃይል ምንጭ) ያልቅባቸዋል፤ ግሉታሜትን የሚሰበስቡት አጓጓዥ ፕሮቲኖችም ሥራ ያቆማሉ፣ አንዳንዴም ያነሡትን መልሰው ያፈሳሉ። ያኔ ኤንኤምዲኤ የተባሉት የግሉታሜት ተቀባዮች፣ ማለትም በሴሉ ሽፋን ላይ ያሉ የካልሲየም መተላለፊያዎች፣ ተከፍተው ይቆያሉ። ከሴል ውጭ ያለው ነጻ ካልሲየም ውስጥ ካለው 10,000 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ መንገድ ካገኘ ገፊ አያስፈልገውም። ከገባ በኋላ ካልፔይን የተባለውን ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ያነሣሣል፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲመረት ያደርጋል፣ የሴሉን ኃይል አመንጪ ማይቶኮንድሪያን ያጨናንቃል።

«ካልሲየም ያለበትን ምግብ መተው ነርቭን ያድናል»

የደም ካልሲየም በሆርሞን የሚጠበቅ ነው። ከምግብ ሲጎድል ከአጥንት ይወሰዳል፤ የሚጎዳው አጥንቱ ነው።

«ለደም ግፊት የሚሰጡ ካልሲየም ማገጃዎችም ይህን ጎርፍ ይገታሉ»

እንደ አምሎዲፒን ያሉት የሚዘጉት በኤሌክትሪክ ግፊት የሚከፈት ሌላ መተላለፊያ ነው፤ የግሉታሜት ተቀባይን አይነኩም።

«ተቀባዩን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ይሻላል»

ብዙ ድካም የባከነው እዚህ ላይ ነው። ተቀባዩን የሚዘጋው ኤምኬ-801 የተባለ ውህድ በቤተ ሙከራ እንስሳት ሴሎችን ቢያድንም፣ መተላለፊያው ውስጥ ገብቶ ቶሎ ስለማይወጣ ጤናማውንም ምልክት ያፍናል፤ በአይጦች አንጎል ላይ ጉዳት ማድረሱም ታይቷል። በስትሮክ ታካሚዎች የተሞከረው ሴልፎቴል የተባለ ሌላ ዘጊ መድኃኒትም አልተሳካም። ለአልዛይመር የሚሰጠው ሜማንቲን ግን የሚለየው እንደ ላላ ቡሽ በመሆኑ ነው፦ የሚገባው መተላለፊያው ሲከፈት ብቻ ነው፣ አጭርና ጠንካራ ምልክት ሲመጣ ቶሎ ይለቃል፣ ዝቅተኛና የማያቋርጥ ፍሰትን ግን ይቀንሳል።

«ማግኒዚየም የተፈጥሮ መዝጊያ ነውና ለስትሮክ ይበቃል»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ሴሉ እረፍት ላይ ሳለ መተላለፊያውን የሚደፍነው ማግኒዚየም ነው። ነገር ግን የሴሉ ሽፋን ኤሌክትሪካዊ ኃይሉን ሲያጣ ማግኒዚየሙ ተገፍቶ ይወጣል፤ ስትሮክ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው ፋስት-ማግ የተባለ ጥናት ለ1,700 ታካሚዎች፣ ምልክቱ በጀመረ በ2 ሰዓት ውስጥ፣ 4 ግራም ማግኒዚየም ሰልፌት ከዚያም በ24 ሰዓት 16 ግራም ወይም ተመሳሳይ መልክ ያለው ባዶ መድኃኒት በደም ሥር ሰጠ፤ ከ90 ቀን በኋላ የአካል ጉዳት ልዩነት አልታየም። ያለ ጊዜው ሊወለድ ላለ ሕፃን ግን ለእናቲቱ መስጠት የሴሬብራል ፓልሲን (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አደጋ ይቀንሳል። ያኔም የእናቲቱ የጉልበት ሪፍሌክስ (ጉልበት ሲመታ እግር የሚሰጠው ምላሽ)፣ አተነፋፈስና የሽንት መጠን ይታያሉ፤ ሪፍሌክሱ ከጠፋ መርፌው ይቆማል፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው።

«ሜማንቲን ቀላል ስለሆነ ከሙሉ መጠኑ መጀመር ይቻላል»

በቀን 5 ሚሊ ግራም ተጀምሮ በየሳምንቱ 5 እየተጨመረ እስከ 20 ይደርሳል። ቸኩሎ መጨመር ማዞርና ግራ መጋባት ያመጣል። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ፣ ኩላሊቱ ክፉኛ ለደከመ ሰው ግቡ በቀን ሁለት ጊዜ 5 ሚሊ ግራም ነው። ሶዲየም ባይካርቦኔት ሽንትን አልካሊ ስለሚያደርግ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ እንዲከማች ያደርጋል። ከአማንታዲን፣ ከኬታሚን ወይም ከሳል መድኃኒቱ ዴክስትሮሜቶርፋን ጋር መደራረብም አይመከርም፤ ሁሉም ያንኑ ተቀባይ ይዘጋሉ። ለብዙ ቀናት የተቋረጠ እንደሆነም ሐኪም ሳይጠየቅ ወደ 20 አይመለስም።