የዝንጅብል ብስኩት ቤት በበርገን ወደብ ቤቶች አምሳል

በሰሜን አውሮፓና በአሜሪካ ለገና የሚሠራው የዝንጅብል ብስኩት ቤት ሥሩ ጀርመን ነው። ዝናው የገነነው ወንድማማቾቹ ግሪም እ.ኤ.አ. በ1812 ባሳተሙት የሃንዝልና የግሬትል ተረት ውስጥ ከዳቦ፣ ከኬክና ከስኳር የተሠራ ጎጆ ከተተረከ ወዲህ ነው። በኖርዌይዋ በርገን ከ1991 ጀምሮ በየዓመቱ ትምህርት ቤቶች፣ ቤተሰቦችና ድርጅቶች የጋገሯቸው ቤቶች ተሰብስበው አንድ ሙሉ የብስኩት ከተማ ይሆናሉ።

የቤቱን ጭብጥ ለማሳየት ብዙ ሰው ወደ ከረሜላው ይሮጣል። ቤቱን የሚያስለየው ግን ቅርጹ ነው፤ ቅርጹም የሚወሰነው ሊጡ ከመቦካቱ በፊት፣ ካርቶን ላይ ነው። በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት፣ ብሪገን በተባለው የበርገን ወደብ ዳርቻ ያሉት የእንጨት ቤቶች ጠባብና ረጃጅም ናቸው፤ ሦስት ማዕዘን ግንባራቸው ወደ ወደቡ ዞሯል። እነሱን ለመምሰል የፊትና የኋላ ግድግዳ ወርዱ 10 ሳ.ሜ፣ ቁመቱ እስከ ጣሪያው መነሻ 14፣ እስከ ጫፉ 19 ይሁን። የጎን ግድግዳዎቹ 16 በ14፣ ሁለቱ የጣሪያ ክፍሎች 18 በ8.5 ሳ.ሜ ይቆረጣሉ። በመስኮቶች መካከል ቢያንስ 2 ሳ.ሜ ካልቀረ ግድግዳው ሲነሳ እዚያው ላይ ይሰበራል።

ለሊጡ 220 ግራም ማር፣ 150 ግራም ቡናማ ስኳር እና 125 ግራም የገበታ ቅቤ አብሮ ይቀልጣል። ለብ ሲል አንድ እንቁላል፣ 500 ግራም የፍርኖ ዱቄት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድና ትንሽ ጨው ይገባበታል። ቤኪንግ ፓውደርም ሶዳም አይጨመርም፤ ሊጡ ከተነፋ ጠርዙ ይጣመማል፣ ማዕዘኑም አይገጥምም። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ ደግሞ ንፋቱ ይብሳል።

ፍሪጅ ውስጥ ያደረው ሊጥ የመጋገሪያ ወረቀት ላይ በ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይዳመጣል። ከተቆረጠ በኋላ መነሳት ያለበት ትርፍራፊው እንጂ ክፍሉ አይደለም፤ በእጅ የተነሳ ጥሬ ሊጥ ቅርጹን ይስታል። የእንጨት ግድግዳ ሳንቃ የሚመስለው መስመር በቢላዋ ጀርባ የሚሰመረው በዚህ ጊዜ ነው። በ170 ዲግሪ ከ14 እስከ 18 ደቂቃ ይጋገራል። ለመስኮት መስታወት የተፈጨ ደረቅ ከረሜላ በመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች ቀዳዳው ውስጥ ይሞላል። ከኦቨን እንደወጣ፣ ትኩስ ሳለ፣ ካርቶኑ ተደርጎበት ጠርዙ ይስተካከላል። ከቀዘቀዘ በኋላ የቀረው ጉብታ በካሮት መፈቅፈቂያ ቀስ ብሎ ይሞረዳል። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ይድረቅ።

ማጣበቂያው ከሁለት እንቁላል ነጭ፣ ከ400 ግራም ገደማ የስኳር ዱቄትና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ሎሚ ይመታል። ሳህኑ ላይ ቅባት ወይም አስኳል ካለ ክሬሙ አይቆምም። ሊበላ የታሰበ ከሆነ ፓስቸራይዝድ የተደረገ ነጭ ይመረጣል። የብሪገንን ቀይና ቢጫ ቀለም ለማግኘት ጄል ቀለም ይሻላል፤ ውሃማው ክሬሙን ያቀጥነዋል። ግንባሩ የሚቀባው ቤቱ ከመቆሙ በፊት፣ ጠፍጣፋ ተኝቶ ነው፤ በቆመ ግድግዳ ላይ ቀለሙ ወደ ታች ይወርዳል።

ግድግዳዎቹ ሲጣበቁ ከውስጥም ከውጭም በጣሳ ይደገፉ። አብዛኛው ቤት የሚፈርሰው በጣሪያው ነው፤ ክሬሙ ሳይጠነክር ጣሪያው ሲጫን ክብደቱ ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ ግድግዳው ከተጣበቀ 3 ሰዓት ሳይሞላው ጣሪያ አይጫንም፤ ቢያድር ደግሞ ይመረጣል። የተሰነጠቀ ክፍል ካለ ከጀርባው ቀጭን ብስኩት በክሬም ይለጠፍበታል። ማርና ስኳር እርጥበት ስለሚስቡ ቤቱን ከማንቆርቆሪያና ከሚፈላ ድስት ማራቅ ያስፈልጋል፤ እርጥበት የገባው ጣሪያ መጀመሪያ መሃሉ ይረግባል።