ሃይ ፍሎው፦ አስም ክፉኛ ለተነሳባቸው ልጆች የሚሰጥ የትንፋሽ እገዛ

ሃይ ፍሎው የሞቀና የረጠበ አየር ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ በአፍንጫ በብዛት የሚሰጥበት ሕክምና ነው። ሐኪሙም ነርሷም በዚሁ ስሙ ይጠሩታል። ተራው ኦክስጅን ላልበቃቸው፣ ቬንቲሌተር (በልጁ ፈንታ የሚተነፍስ ማሽን) ላይ ለመግባት ግን ገና ላልደረሱ ልጆች ይውላል።

በተራው የአፍንጫ ቱቦ ሕፃን ልጅ በደቂቃ 1 ወይም 2 ሊትር ያገኛል። በሃይ ፍሎው ለትንንሾቹ የሚሰጠው በኪሎ 2 ሊትር ገደማ ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በደቂቃ 20 ሊትር ያገኛል ማለት ነው። ይህን ያህል አየር ቀዝቅዞና ደርቆ ቢገባ አፍንጫ ያቃጥላል፣ አክታም ያደርቃል። አስም ላለበት ልጅ ደግሞ ብርዱ ራሱ ደረቱን ሊዘጋበት ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው አየሩን ወደ 37 ዲግሪ አሙቆ፣ በእንፋሎት አርጥቦ ይልከዋል።

አስም የተነሳበት ልጅ ጎኑ ይሰረጉዳል። አፍንጫው ይነፋል። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ አይጨርስም። አየሩን በኃይል ስለሚስብ ተራው ቱቦ አይደርስለትም። ሃይ ፍሎው ግን የሚፈልገውን ያህል ያቀርብለታል፤ በአፍንጫና በጉሮሮ የቀረውን የተቃጠለ አየር ጠርጎ ያወጣል፤ ትንሽ ግፊትም ይጨምራል።

መድኃኒት ግን አይደለም። የጠበበውን ቧንቧ የሚከፍተው ሳልቡታሞል ነው፤ እብጠቱን የሚያበርደው ስቴሮይድ ነው። ሲብስ ኢፕራትሮፒየምና በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዥየም ሰልፌት ይጨመራሉ። መሣሪያው እነዚህ እስኪሠሩ ድረስ ልጁን ደግፎ ያቆየዋል።

ዘዴው መጀመሪያ የተስፋፋው ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ነው። ትልልቆቹ ጥናቶች የመጡት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ብሮንካይላይትስ (የሳንባ ትንንሽ ቧንቧዎች እብጠት) በያዛቸው 1472 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ታተመ። ሕክምናው ያልበቃቸው ከሃይ ፍሎው በኩል 12 በመቶ፣ ከተራው ኦክስጅን በኩል 23 በመቶ ነበሩ። ሆስፒታል የቆዩበት ጊዜ ግን አልተለየም። በ2023 የወጣው ተከታዩ ጥናት ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ከ1500 በላይ ልጆችን አየ። ሃይ ፍሎውን ቶሎ መጀመር የሆስፒታል ቆይታን አላሳጠረም፤ እንዲያውም ትንሽ አስረዘመው።

በአስም ላይ ብቻ የተሠሩት ትንንሽ ናቸው። በስፔን በ62 ልጆች ላይ የተደረገውና በ2018 የታተመው ጥናት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ የትንፋሽ ጭንቀታቸው በግልጽ የቀነሰላቸው በሃይ ፍሎው 53 በመቶ፣ በተራው ኦክስጅን 28 በመቶ መሆናቸውን አገኘ። ከፓራጓይ የወጣ ሌላ ጥናት ግን ጥቅም አላየም። እውነቱን ለመናገር፣ አልጋው አጠገብ የቆመ ሰው የልጁን መረጋጋት ያያል። ለሁሉም የአስም ሕመምተኛ ይሰጥ ለማለት ግን ማስረጃው ገና አልበቃም። ልጁን መሣሪያው ላይ ብዙ ማቆየት ቬንቲሌተር የሚያስፈልግበትን ሰዓት ያሳልፋል የሚለው ስጋትም ተገቢ ነው።

ዋናው ሥራ የነርስ ነው። ቱቦው ከአፍንጫው ቀዳዳ ግማሽ ያህሉን ብቻ መያዝ አለበት፤ ከደፈነው አየር መውጫ ያጣል። በቧንቧው የሚጠራቀመው ውኃ ወደ ልጁ እንዳይፈስ ቧንቧው ከፊቱ ዝቅ ብሎ ይተኛል። ላይ የተሰቀለው የውኃ ከረጢት ካለቀ የሚመጣው ደረቅ አየር ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይህን የምታየው ነርሷ ናት። ከሁሉ የሚያስፈራው የደረቱ ፉጨት ድንገት ጠፍቶ ልጁ ሲፈዝ ነው። ቤተሰብ «እፎይ፣ ተኛልን» ይላል። አየር መግባቱን አቁሞ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ወዲያው ይጠራል።

እኛ ጋ ትልቁ ጥያቄ ኦክስጅኑ ነው። 60 በመቶ ኦክስጅን ያለው 20 ሊትር አየር የሚያገኝ ልጅ በደቂቃ 10 ሊትር ገደማ ንጹሕ ኦክስጅን ይወስዳል። ኦክስጅንን ከአየር ለይቶ የሚያወጣው ባለ 5 ሊትር ኮንሰንትሬተር ከሆነ ሁለቱ ለአንድ ልጅ ብቻ ይውላሉ። መብራት ከሄደ ማሞቂያውም ይቆማል። በብዙ ቦታ የሚቀለው በብልቃጥ ውኃ ውስጥ በተጠለቀ ቱቦ ግፊት የሚሰጠው በብል ሲፓፕ ነው። በኢትዮጵያ በ12 አጠቃላይ ሆስፒታሎች ተሞክሮ ሞት መቀነሱ የሚያኮራ ሥራ ነው። የተሞከረው ግን ከባድ የሳንባ ምች በያዛቸው ልጆች ላይ እንጂ በአስም ላይ አይደለም።