ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ከአማተር ጋር ይግጠም? ጎንደር ፒያሳ ላይ የሰማኋቸው ስህተቶች

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ጎንደር ፒያሳ፣ ጀበና ቡና የሚፈላበት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ወሬው የተጀመረው በፋሲል ከነማ ነው፤ እኛ ዘንድ የማይጀመረው መቼ ነው? እንዴት ቦክስ ላይ እንደደረስን እንጃ። አንዱ ስልኩ ላይ አንድ ሰው ተዘርሮ የሚወድቅበትን ቪዲዮ እያሳየን «ፕሮፌሽናልን ከአማተር ማጋጠም ነፍስ ማጥፋት ነው!» አለ። ሌላው «ታዲያ ቅርጫት ኳስ ላይ ሲገቡ ማን ምን አለ?» ብሎ ተነሳበት። አቦል አለፈ፣ ቶና አለፈ፣ በረካ ላይም አልተስማማንም።

ከጎናችን በወጣትነታቸው ቦክስ የሠሩ፣ አሁን ልጆች የሚያሠለጥኑ አንድ ጋሼ ነበሩ። ብዙ ሰምተው ሲያበቁ «ልጆቼ፣ ከምታወሩት ግማሹ ልክ አይደለም» አሉን። ቤት ገብቼ ነገሩን ሳገላብጠው፣ የተሳሳተው ግማሽ ውስጥ የእኔም ወሬ ነበረበት።

ነገሩ ለራቀው ሰው ባጭሩ፦ አይባ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የቦክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ሎዛን ላይ ተሰብስቦ ፕሮፌሽናሎች ኦሎምፒክ ላይ እንዲገቡ ፈቀደ። ከሁለት ወር በኋላ የሪዮ ኦሎምፒክ ደረሰ። ክርክሩ ከዚያ ወዲህ አልበረደም።

«ፕሮፌሽናሉ አማተሩን በአንድ ቡጢ ይጨርሰዋል»

ሪዮ ላይ የገቡት ፕሮፌሽናሎች ሦስት ብቻ ነበሩ። ሁለቱ የዓለም ቀበቶ ይዘው የሚያውቁ ናቸው፤ የታይላንዱ አምናት ሩንሮንግ እና የካሜሩኑ ሀሰን ንዳም። ሦስተኛው ጣሊያናዊው ካርሚኔ ቶማሶኔ ነው። ንዳም ገና በመጀመሪያ ግጥሚያው በብራዚላዊው ሚሼል ቦርጀስ ተሸኘ። ቶማሶኔ አንድ አሸንፎ በኩባዊው ላዛሮ አልቫሬዝ ተሸነፈ። አምናትም አንድ አሸነፈና ከፈረንሳዊው ሶፊያን ኡሚሃ ጋር ሲገጥም ሦስተኛው ዙር ላይ ዳኛው ግጥሚያውን አስቆመው። ሜዳሊያ የሚባል ነገር ወደ ሦስቱም ዝር አላለም። ማይክ ታይሰን ቀድሞ ሐሳቡን አጣጥሎት፣ አንዳንዶቹ ፕሮፌሽናሎች በአማተሮች ይመታሉ ብሎ ነበር። አልተሳሳተም።

ለምን? አንደኛው ሰዓት ነው። ኦሎምፒክ ላይ ሦስት ዙር፣ ዘጠኝ ደቂቃ ነው። የፕሮፌሽናል የሻምፒዮንነት ፍልሚያ 12 ዙር፣ 36 ደቂቃ ነው። በ36 ደቂቃ ያደገ ሰው መጀመሪያ ተጋጣሚውን ያጠናል፣ ሆዱን ይመታል፣ ያደክመዋል፣ ከዚያ ይሰበስበዋል። እሱ አጥንቶ ሳይጨርስ አማተሩ ነጥቡን ለቅሞ ደወል ይደወላል። ጋሼ እንዲህ ነው ያሉት፦ «አንዱ የመቶ ሜትር ሯጭ ነው፣ አንዱ የአሥር ሺህ። ማን ይበልጣል ብሎ ነገር አለ?»

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ፕሮፌሽናሉ በአብዛኛው ከፍልሚያው በፊት ባለው ቀን ይመዘናል፤ ከዚያ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያገግማል። ፍልሚያውም በጥቂት ወራት አንዴ ነው። እንደ ኦሎምፒክ ባለ ውድድር ላይ ግን በተጋጠምክ ቀን ሁሉ ጠዋት ሚዛን ላይ ትወጣለህ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ልትጋጠም ትችላለህ።

አንድ ነገር ግን ላልደብቅ። አምናት ቀበቶውን የያዘው 51 ኪሎ ባልሞላ ሚዛን ነው፤ ሪዮ ላይ የገባው በ60 ነው። ንዳምም በ72 ኪሎ ተኩል ግድም የሚታወቅ ሰው በ81 ነው የገጠመው። ስለዚህ «ሪዮ ፕሮፌሽናሎች ደካማ መሆናቸውን አሳየ» የሚለውም ውሃ አይቋጥርም። እኔ በረንዳው ላይ የተናገርኩት ይህንኑ ነበር፤ አፌን በቆረጠው!

«አማተር ማለት ጀማሪ ማለት ነው»

እዚህ ላይ ቃሉ ራሱ አሳስቶናል። እኛ አገር «አማተር» ሲባል የቀበሌ የቲያትር ክበብ ነው ትዝ የሚለን፤ ገና የሚሞካክር፣ ያልበሰለ ሰው። ቦክስ ላይ ግን የውድድሩ ዓይነት ስም ነው።

ዩክሬናዊውን ቫሲል ሎማቼንኮን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2012 የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዷል። በአማተርነቱ 396 አሸንፎ አንዴ ብቻ ተሸንፏል ነው የሚባለው። ፕሮፌሽናል ሆኖ ሁለተኛ ግጥሚያው ላይ ለዓለም ቀበቶ ሞከረ፤ ኦርላንዶ ሳሊዶ የሚባል ሥራውን ያወቀ ሜክሲኳዊ አሸነፈው። በሦስተኛው ግጥሚያው ቀበቶውን ወሰደ። ይሄ ሰው ጀማሪ ነበር የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የአሜሪካዊው ፒት ራዴማከር ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ በከባድ ሚዛን ወርቅ አገኘ። በዓመቱ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ግጥሚያውን ከማን ጋር አደረገ? ከዓለም ሻምፒዮኑ ፍሎይድ ፓተርሰን ጋር! ሁለተኛው ዙር ላይ ሻምፒዮኑን መሬት አስነካው። ስድስተኛው ላይ ግን ራሱ በዝረራ ተሸነፈ። ግጥሚያው ሦስት ዙር ቢሆን ኖሮስ? እስቲ አስቡት።

ገንዘብ አያገኙም የሚለውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ታሽከንት ላይ በተደረገው የወንዶች የዓለም ሻምፒዮና ለወርቅ የተመደበው 200,000 ዶላር ነበር። ስንቱ ፕሮፌሽናል ነው በአንድ ሌሊት ይህን የሚያገኝ?

«ፕሮፌሽናልና አማተር ከእኛ ዘመን በፊት አይተዋወቁም ነበር»

ይተዋወቁ ነበር፤ መንገዱ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። ካሲየስ ክሌይ፣ በኋላ መሐመድ አሊ፣ ሮም ላይ ወርቁን የወሰደው እ.ኤ.አ. መስከረም 5 ቀን 1960 ነው። በአምስተኛው ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በዚያችው ከተማ በባዶ እግሩ ማራቶኑን አሸነፈ። ክሌይ በጥቅምት ፕሮፌሽናል ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ኦሎምፒክ መመለሻ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተከፈተው ይህ መመለሻ ነው። ፕሮፌሽናሎቹን የሚያስተዳድሩት ድርጅቶችም ደስ አላላቸውም፤ ከእነሱ አንዱ የሆነው ደብልዩቢሲ (የዓለም የቦክስ ምክር ቤት) ሪዮ የሚሄድ ቦክሰኛዬን ለሁለት ዓመት አግዳለሁ ብሎ ነበር።

«የጭንቅላት መከላከያ ካለ ችግር የለም»

የጭንቅላት መከላከያ ቅንድብ እንዳይተረተር ይረዳል። አንጎል ራስ ቅል ውስጥ እንዳይናጥ ግን አያደርግም። በወንዶች ውድድርም ሪዮ ላይ አልተደረገም። ይቺን ጥያቄ እዚህ ላይ ብንዘጋት ይሻላል።

«ቅርጫት ኳስ ከተፈቀደ ቦክስ ምን ለየው?»

እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ፕሮፌሽናሎችን የያዘው የእነ ማይክል ጆርዳን የአሜሪካ ቡድን አንጎላን 116 ለ 48 አሸነፈ። ያሳፍራል፤ ግን አንጎላዎች ወደ ማረፊያቸው ገብተው እራታቸውን በሉ፣ ቀጣይ ጨዋታቸውንም ተጫወቱ። ቦክስ ላይ የ68 ነጥብ ልዩነት ጭንቅላት ላይ ነው የሚቆጠረው።

«እንግዲያው ምንም አደጋ የለውም»

አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የካተሪንበርግ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያለፈው ኡዝቤኩ ባኾዲር ጃሎሎቭ አሜሪካዊውን ሪቻርድ ቶሬዝን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ቶሬዝ በቃሬዛ ወጥቶ ሆስፒታል ገባ። ጃሎሎቭ በጊዜው የፕሮፌሽናል ግጥሚያዎች ነበሩት፤ ብዙ ሰው የጮኸው ለዚህ ነው። የፒያሳው ቪዲዮም ይኸው ነበር።

ግን ቀጥሎ የሆነውን ተመልከቱ። ሁለቱ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ ለወርቅ ተገናኙ። ጃሎሎቭ አሸነፈ፤ በነጥብ። ቶሬዝ እስከ ደወሉ ቆሞ ነበር። እዚያው ቶኪዮ ላይ ሩሲያዊው አልበርት ባቲርጋዚዬቭ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል ሆነ። በእሱ የተሸነፈው አማተር መስሏችሁ ይሆናል፤ አሜሪካዊው ዱክ ሬገንም ፕሮፌሽናል ነበር። ባቲርጋዚዬቭ ራሱ በፕሮፌሽናልነት የነበሩት ሦስት ግጥሚያዎች ብቻ ናቸው።

እና አደጋው ፕሮፌሽናል ከሚለው ስም አይመስለኝም። ከዕጣው ነው። በፕሮፌሽናሉ ዓለም ተጋጣሚ በምርጫ ነው የሚገኘው፤ ጥሩ ተቆጣጣሪ ካለ ልምዳቸው የማይመጣጠን ሁለት ሰዎችን አያጋጥምም። ውድድር ላይ ዕጣ ነው የሚያገናኝህ። ሦስት ግጥሚያ ያለው ፕሮፌሽናል ቢወጣልህ ዕድለኛ ነህ። 300 ግጥሚያ ያለው «አማተር» ቢወጣልህስ? ሕጉ ያንን ከድሮም ይፈቅዳል፤ ማንም ጮኾ አያውቅም። እኔን ብትጠይቁኝ ፕሮፌሽናል የሚለውን ስም ትቼ የግጥሚያ ብዛት ላይ ገደብ አደርግ ነበር፣ ቢያንስ በውድድሩ የመጀመሪያ ደረጃዎች።

በሳምንቱ ጋሼ ልጆች ወደሚያሠለጥኑበት አዳራሽ ሄድኩ። ሁለት ጎረምሶች ጓንት አጥልቀው ቆመዋል፤ አንዱ ከሌላ ሰፈር የመጣ እንግዳ ነው። ጋሼ ዳር ዳሩ ያለቀ ደብተር ይዘው ጠጋ አሉት። ኪሎውን አልጠየቁትም፣ ማን እንዳሠለጠነውም አልጠየቁትም።

«አንተ ልጅ፣ እስካሁን ስንት ጊዜ ገጥመሃል?»

«አሥራ ሁለት፣ ጋሼ።»

ደብተሩን አዩ፤ የራሳቸውን ልጅ ከሪንጉ አስወርደው ሌላ ጠሩ።