የስቲል ጊታር ጀማሪና የሙዚቃ ቲዎሪ

ስቲል ጊታር ጭን ላይ ወይም ማቆሚያ ላይ ተጋድሞ የሚመታ ጊታር ነው። የግራ እጅ ጣቶች ክሩን አይጫኑም፤ ባር የሚባል ልሙጥ ብረት ከላይ እየነካው ይንሸራተታል። የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሃዋይ ውስጥ ሲሆን፣ ጅማሮው በአብዛኛው ለኦዋሁ ደሴት ልጅ ለጆሴፍ ኬኩኩ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አሜሪካ ውስጥ ይበልጥ አስተዋወቀው። በ1930ዎቹ ኤሌክትሪክ ገባለት፣ በ1950ዎቹ ደግሞ በእግር በሚረገጥ ፔዳል የክሮቹን ድምፅ የሚቀይረው ዓይነት የናሽቪል (የአሜሪካ ከተማ) ካንትሪ ሙዚቃ መለያ ድምፅ ሆነ።

በተራ ጊታር አንድ ሰው ቲዎሪ ሳያውቅ የጣት ቅርጾችን በቃሉ ይዞ ሩቅ መሄድ ይችላል። እዚህ ግን አይሆንም። ቀጥ ያለ ብረት ሁሉንም ክር በአንድ መስመር ላይ ስለሚያቆም፣ የሚገኘው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ክሮቹ በተቃኙበት ርቀት ይወሰናል። ስለዚህ ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት በክር እና በክር መካከል ስንት ግማሽ ድምፅ (የአንድ ፍሬት፣ ማለትም በጊታሩ አንገት ላይ ባሉት መስመሮች የአንድ እርምጃ ርቀት) እንዳለ ነው።

ለመማር የሚመቸው ባለ 6 ክሩ የሲ-ሲክስ (C6፤ ሲ ማለት ዶ ነው) ቅኝት ነው። ከተጫዋቹ ከሚርቀው ቀጭን ክር ጀምሮ ወደ ወፍራሙ ሲቆጠር 1ኛው ሚ፣ 2ኛው ዶ፣ 3ኛው ላ፣ 4ኛው ሶል፣ 5ኛው ሚ፣ 6ኛው ዶ ነው። የተራ ጊታር ክሮችን ወደዚህ ቅኝት መወጠር አይገባም። ለምሳሌ 4ኛው ክር ከሬ ወደ ሶል 5 ግማሽ ድምፅ መውጣት ስላለበት ይበጠሳል። ለቅኝቱ የተዘጋጀ የክር ስብስብ መግዛት ያስፈልጋል።

ከ2ኛው እስከ 1ኛው ክር (ዶ–ሚ) 4 ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ሜጀር ሦስተኛ ነው። ከ3ኛው እስከ 2ኛው (ላ–ዶ) 3 ግማሽ ድምፅ፣ ማይነር ሦስተኛ ነው። የዶ ሜጀር ስኬልን (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ቲ) በጥንድ ድምፅ ለመጫወት እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ፦ ዶ–ሚ በክፍት (ባር ባልነካቸው) 2ኛና 1ኛ ክር፤ ሬ–ፋ 5ኛ ፍሬት ላይ 3ኛና 2ኛ፤ ሚ–ሶል 7ኛ ፍሬት ላይ በነዚያው ክሮች፤ ፋ–ላ 5ኛ ፍሬት ላይ፣ ሶል–ቲ 7ኛ ፍሬት ላይ፣ ሁለቱም በ2ኛና 1ኛ ክር፤ ላ–ዶ 12ኛ ፍሬት ላይ፣ ቲ–ሬ 14ኛ ፍሬት ላይ፣ ሁለቱም በ3ኛና 2ኛ፤ በመጨረሻ ዶ–ሚ 12ኛ ፍሬት ላይ በ2ኛና 1ኛ። ባሩን ማዘንበል (በክሮቹ ላይ በሰያፍ ማስቀመጥ) ፈጽሞ አላስፈለገም። ይህን ልምምድ የድምፆቹን ስም ጮክ ብሎ እየጠሩ መሥራት ከብዙ ገጽ ታብ ይበልጣል፤ ታብ ፍሬቱንና ክሩን ይነግራል እንጂ ድምፁ በስኬሉ ስንተኛ እንደሆነ አይነግርም።

ኮርድም በዚሁ መንገድ ይገኛል። 6ኛ፣ 5ኛና 4ኛ ክር አንድ ላይ ሜጀር፣ 3ኛ፣ 2ኛና 1ኛ ማይነር ይሰጣሉ። በስኬሉ አራተኛ ድምፅ ላይ የሚመሠረተው አራተኛው ኮርድ ከመነሻው 5 ፍሬት፣ አምስተኛው 7 ፍሬት በላይ ነው፤ ዘፋኙ ቁልፍ ሲቀይር ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ጀማሪ የሚቸገረው ሰባተኛ ኮርድ (ሜጀር ኮርድ ላይ ከመነሻው 10 ግማሽ ድምፅ የሚርቅ ድምፅ የተጨመረበት) ላይ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶልና ላ መካከል የ6 ግማሽ ድምፅ ርቀት የለም፣ ሶል ሰባተኛ ደግሞ ያለ ቲ–ፋ ውጥረት (በመካከላቸው 6 ግማሽ ድምፅ አለ) አይሞላም። ባስ ሶልን ከያዘ ግን 5ኛ ፍሬት ላይ ሬ ማይነር መምታት የሶል ናይን (ሶል ሰባተኛ ላይ ላ የተጨመረበት ኮርድ) ስሜት ይሰጣል። ባር ማዘንበል ከዚህ በኋላ ቢመጣ ይሻላል።

ለእኛ ጆሮ የሚያስደስት ነገር አለ፦ ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነውና ከአምስቱ አራቱ በክፍት ክሮቹ ላይ ተቀምጠዋል። የጎደለው ሬ 2ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ይገኛል። አንቺሆዬን በዶ ለመጫወት ግን ክፍት ሚ እና ሶል ከአንቺሆዬ ቅኝት ውጪ ስለሚሆኑ፣ የማይፈለጉትን ክሮች በቀኝ መዳፍ ጠርዝ ማፈን ግድ ነው።

ባሩ የሚቀመጠው በፍሬቱ መስመር ትክክለኛ አናት ላይ ነው፤ እንደ ተራ ጊታር ከመስመሩ ኋላ ካደረጉት ድምፁ ይወርዳል። ወደ ጎን ሆኖ የሚያይ ዓይንም ያሳስታል። ሜጀር ኮርዱ በመቃኛ መሣሪያ ልክ ተቃኝቶ ሳለ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ የተጫዋቹ አይደለም። ንጹሕ ሜጀር ሦስተኛ መቃኛው ከሚያሳየው 14 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ያህል ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ የሚ ክሮችን ከዶ ጋር እያዳመጡ ትንሽ ማላላት ነው።

ወደ ባለ 10 ክሩ ፔዳል ስቲል፣ ወደ ኢ-ናይን (E9) ቅኝት የሚሸጋገር ሰው ፔዳሎቹን በቁጥር (ድምፁ በስኬሉ ስንተኛ እንደሆነ) ካሰባቸው አይጠፋበትም። ኤ ፔዳል የኮርዱን 5 ወደ 6፣ ቢ ፔዳል 3ን ወደ 4 ያወጣል። 1–3–5 የነበረው ሁለቱ ሲረገጡ 1–4–6 ይሆናል፤ ይህም አራተኛው ኮርድ ነው፤ ባሩ ከቦታው አልተነሳም። ኤ ብቻውን ሲረገጥ 1–3–6፣ ማለትም የስድስተኛው ማይነር ኮርድ ይወጣል። ሁለቱን ፔዳሎች ሳይለቁ ባሩን 2 ፍሬት ወደ ላይ ሲያንሸራትቱት አምስተኛው ኮርድ ይመጣል።